ሚዛን ላይ ያልወጣ ፌሮ “ባለ 12” አይባልም

በግንባታ ዕቃ ገበያ ፌሮ ሲሸጥ የሚነገረው ቁጥር አንድ ብቻ ነው። “ባለ 8”፣ “ባለ 12”፣ “ባለ 16” ይባላል። ገዢው ቤርጋውን ቆጥሮ ይከፍላል፣ መኪናው ይጭናል፣ ደላላውም ኮሚሽኑን ይቀበላል። ሚዛን ይምጣልኝ የሚል ገዢ ከተገኘ እንደ አስቸጋሪ ሰው ይታያል። ኪሳራው የሚጀምረው ግን ከዚሁ ላይ ነው።

ሂሳቡ መሐንዲስ አይጠይቅም። የፌሮውን ውፍረት በሚሊ ሜትር ወስዶ በራሱ ማባዛት፣ የተገኘውንም ለ162 ማካፈል የአንድ ሜትሩን ክብደት በኪሎ ይሰጣል። ባለ 12 ፌሮ በዚህ ስሌት በሜትር 0.89 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ 12 ሜትሩ ቤርጋ እንግዲህ 10.66 ኪሎ መመዘን ይኖርበታል።

ፌሮው 11 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቢገኝስ? አንድ ሚሊ ሜትር ለዓይን ምንም አይደለችም። የቤርጋው ክብደት ግን ወደ 8.95 ኪሎ ይወርዳል። ከእያንዳንዱ 1.7 ኪሎ ጎደለ ማለት ነው። 1,000 ቤርጋ የገዛ ባለሀብት የከፈለበትና ያልተረከበው ብረት 17 ኩንታል ይደርሳል። ጤፍ ሲገዛ ግማሽ ኪሎ ጎደለብኝ ብሎ የሚሟገት ነጋዴ 17 ኩንታል ብረት ሲቀርበት ዝም ማለቱ የሚያስገርም ነው።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። ብረት የሚሸከመው በውፍረቱ ስፋት ልክ ስለሆነ ክብደቱ 16 በመቶ ሲቀንስ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። መሐንዲሱ ዲዛይኑን የሠራው ግን በሙሉ ባለ 12 ነው። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ደግሞ ማንም አውጥቶ አይመዝነውም።

ፋብሪካ ሁሉ እኩል አያወጣም የሚል ክርክር ይሰማል። እውነትነት አለው፤ የእንግሊዝ ደረጃ ለምሳሌ ከባለ 8 በላይ ላለው ፌሮ 4.5 በመቶ መዛነፍን ይፈቅዳል። 16 በመቶ ግን መዛነፍ ሳይሆን ሌላ ዕቃ ነው። ካሊፐር ይዞ የሚመጣውም ቢሆን ጥርሱ ላይ ከለካ ቀጭኑን ወፍራም ብሎ ይመለሳል።

የጄኔሬተር ገበያም ከዚህ በሽታ አልዳነም። ታርጋው ላይ የተጻፈው ኃይል በዝቅተኛ ቦታ የተለካ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ያጣል። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነውና የራዲያተሩ ክዳን ካልጠበቀ ሞተሩ ቶሎ ይግላል። 100 ኪሎ ዋት ያለውን አይቶ ለ95 ኪሎ ዋት ሥራ የሚገዛ ሰው ማሽኑን ከመጀመሪያው ቀን ያሰቃየዋል።

ወደ ፌሮው ስንመለስ፣ በቁጥር ብቻ መሸጥ በይበልጥ የሚጎዳው ሙሉ ክብደት የሚያቀርበውን ነጋዴ ነው፤ ዋጋው የተወደደ መስሎ ገዢው ያልፈዋል። ስለዚህ ውሉ ላይ ከቤርጋው ቁጥር ጎን ጠቅላላ ኪሎው ይጻፍ። ደላላውም ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት ከእስሩ መሐል አምስት ቤርጋ አስመዝዞ ያስመዝን። የባለ 12 አምስቱ ከ51 ኪሎ በታች ከመጡ ጭነቱ ይመለስ።