የሕክምና ዕቃው ከመኪናዋ አይውረድ!



ማኅበራችን ለድንገተኛ ሕመምተኛ ባቆማት መኪና ላይ ያለው የመጀመሪያ ዕርዳታ ዕቃ «ይሰረቃል፣ ይባክናል፤ ቢሮ ገብቶ ይቆለፍበት» የሚል አሳብ ተነሥቷል። ለማኅበር ንብረት መጨነቅ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም እኛ በአሳቡ አንስማማም።

ለምን ቢባል፣ አደጋ ቀጠሮ የለውም። ትልቅ የደም ሥር የተቆረጠበት ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ልቡና ትንፋሹ የቆመበት ሰው ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንጎሉ መጎዳት ይጀምራል። ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪቀሰቀስ ይኼ ሁሉ ያልፋል። በከተማችን በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ አስቀድሞ መደወልም ወደዚያው ነው። የእኛ መኪና አምቡላንስ በቶሎ ሳይገኝ ሲቀር የምትደርስ ናት። ባዶዋን ከደረሰች ግን ከታክሲ በምን ትለያለች?

በመኪናዋ ላይ ይቀመጥ ስንል ታዲያ ከስኮርታ ጎማና ከክሪክ ጋር ይደባለቅ ማለታችን አይደለም። በጨለማ ተፈልጎ የታጣ ዕቃ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ፦

1ኛ/ ደም ለማቆም የሚያስፈልገው ጓንት፣ ጎዝ፣ ፋሻና መቀስ በአንድ ቦርሳ ሆኖ ከኋላ በር አጠገብ፣ እጅ ቀድሞ በሚደርስበት ይቀመጥ። የትንፋሽ መርጃው በሌላ ቦርሳ፣ የስብራት መደገፊያው በሦስተኛ ይሁን። በየቦርሳው ላይ በትልቁ ይጻፍበት፤ ቦታውም አይለዋወጥ።

2ኛ/ ከባድ ዕቃ ሁሉ ከታች ሆኖ ይታሰር። የኦክሲጅን ሲሊንደር ከተጫነ በቀበቶ በደንብ ይጠፈር፤ ፍሬን ድንገት ሲያዝ ያልታሰረ ሲሊንደር ራሱ ሰው ይገድላል። ዘይትና ግሪስም አይንካው፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

3ኛ/ ፀሐይ ላይ የዋለች መኪና ውስጧ እንደ ምድጃ ይግላል። ሙቀት የሚያበላሸው መድኃኒት ብቻ በትንሽ ቦርሳ ሆኖ ከተረኛው ዘበኛ ክፍል ይቆይ፤ መኪናዋ ስትወጣ ይጫን።

ስርቆቱስ? ለእሱ ማኅተም ይበቃል። በየቦርሳው ዚፕ ላይ ቁጥር ያለው፣ በእጅ ሲጎተት የሚበጠስ የፕላስቲክ ማሰሪያ ይደረግ። ማሰሪያው ደኅና ከሆነ ዕቃው አልተነካም። ከተበጠሰ ተረኛው ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሮ የጎደለውን ያሟላል፤ አዲሱን ቁጥር መዝግቦ ይፈርማል። በወር አንድ ቀን ደግሞ ሁሉም ተከፍቶ ጊዜው ያለፈበት ይለወጥ።

ይኼ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰው ነው። በሰፈራችን ነርሶችም፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ የተማሩ ወጣቶችም፣ ጡረታ የወጡ ሹፌሮችም አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ሰዎች ተመርጠው ኃላፊነቱ በስማቸው ይሰጥ እንላለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቀኑ ሳይመጣ እንታጠቅ!

የማስታወቂያ ሰሌዳው አዘጋጆች