መጥረጊያ የፈረደው ክርክር

ወረታ ያለችው ግቢያችን አንድ ዛፍ ትችላለች፤ ሁለት አትችልም። በዚያ አንድ ዛፍ ምክንያት ባለፈው በጋ ሦስት ሰዎች ሁለት ወር ሙሉ ተከራከርን።

እማዬ ከዋንዛ ሌላ አትሰማም። «ጥላው ሰፊ፣ ፍሬው ለልጆች፣ አበባው ለንብ። ሲያረጅ ደግሞ በር ይሆናል፣ አልጋ ይሆናል፣ ቀፎ ይሆናል» ትላለች። ባለቤቴን የዛፉ ስም አላስጨነቃትም፤ ቅጠሉን የማያራግፍ ይሁን እንጂ የፈለገው ይሁን ባይ ናት። «እማማ፣ እርስዎ ወገብዎን ያምዎታል። ዋንዛው በየካቲት ሲራገፍ መጥረጊያው የሚቀረው ለእኔ ነው።» እማዬም መልስ አታጣም፦ «የምትጠርጊው እኮ የጎመንሽን ቀለብ ነው።»

እኔ ደግሞ ከአንድ የውጭ አገር የአትክልት መጽሐፍ ያገኘሁትን ምክር ይዤ መሐላቸው ገባሁ። ምክሩ አጭር ነው፦ ቅጠሉ የሚረግፍ ዛፍ ከቤቱ በስተደቡብ ይተከል፤ በበጋ ያጠላል፣ በክረምት ተራግፎ ፀሐይ ያስገባል። ቅጠሉ የማይረግፈው በስተሰሜን ይሁን፤ ቀዝቃዛውን ነፋስ ይከላከላል። ጆሮ የሚገባ ነገር ነው። ለእማዬ ሳስረዳት ግን ከእጇ ሰፌዱን ሳታስቀምጥ «በጋ ነው የሚያጠላው? ብሳና በበጋ ምን ቅጠል አለውና ያጠላል?» አለችኝ።

የሳትኩት ነገር ትርጉሙ ላይ ነበር። የፈረንጆቹን ሞቃት ወቅት «በጋ»፣ በረዷማውን «ክረምት» እያልን ስንተረጉም ኖረናል። የእነሱ በጋ ዛፍ ሁሉ ቅጠል የሚለብስበት ነው፤ የእኛ በጋ ብሳና ራቁቱን የሚቆምበት፣ በዙሪያችን ያለው የፎገራ ሜዳ ዋልካ አፈር እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅበት ነው። የእነሱ ክረምት ዛፉን ያራቁተዋል፤ የእኛ ያለብሰዋል። እዚያ ዛፉን የሚያራግፈው ብርድ ነው፤ እዚህ ጥም ነው። ቅጠል ውሃ ያተናል፤ አፈሩ ሲደርቅ ዛፉ የማይችለውን ወጪ ይቆርጣል፣ ቅጠሉን ይጥላል። እንደ ወይራ ያለው ግን ጠባብና ጠንካራ ቅጠሉ ውሃውን ቆጥቦ ስለሚይዝ በጋውን ሳይራገፍ ያልፈዋል። ዋንዛ በሁለቱ መካከል ነው፤ ወንዝ ዳር ያለው ብዙም ሳይራገፍ በጋውን ይወጣል፣ ደረቅ ቦታ ያለው ይሳሳል። እንግዲህ ምክሩን ቃል በቃል ብከተል ኖሮ፣ መጋቢት ላይ ጥላ ፍለጋ ስወጣ የሚጠብቀኝ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር። ሐምሌ ላይ ደግሞ ደመናው ባጨለመው ቤት ላይ ዛፉ በቅጠሉ ጨለማ ይጨምርበት ነበር።

አቅጣጫውም ቢሆን ለእኛ አልተጻፈም። ከምድር ወገብ እጅግ ርቀው በስተሰሜን ለሚኖሩት ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። ወረታ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ሰው የራሱን ጥላ እግሩ ሥር ይረግጣል። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ስለዚህ የደቡብ ግድግዳ የሰሜን ግድግዳ የሚለው ክርክር እዚህ አቅም የለውም። ቤት የሚያግለው ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል ዝቅ ብሎ የሚገባው ፀሐይ ነው። እሱን ደግሞ በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል የያዘ ዛፍ እንጂ ሌላ አይመክተውም።

በዚህ ስሌት ባለቤቴ አሸናፊ መሰለች። እሷም መሰላት።

በመጋቢት ለአንድ ጉዳይ አዲስ ዘመን ሄጄ ከከተማዋ በላይ ወዳለው ጣራ ገዳም ወጣሁ። ከታች ሜዳው ሩዙ ታጭዶ የገለባ ቀለም ብቻ ቀርቶበታል፤ ከላይ የገዳሙ ደን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተራራው ላይ ተቀምጧል። የዕፅዋት ምሁራን እንዲህ ያለውን «የማይረግፍ የደጋ ደረቅ ደን» ከሚሉት ይመድቡታል፤ የደቡብ ጎንደር ተራሮች ድሮ ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያሳዩት እንደነዚህ ያሉ የገዳምና የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። መንገድ ላይ ያገኘኋቸውን አባት ሰላምታ ሰጥቼ፣ ዕውቀቴንም ላሳይ ብዬ፣ «አባ፣ ይህ ደን ቅጠሉ የማይረግፍ ነው ይላሉ» አልኳቸው። መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ ጫን አደረጉት፤ ተንኮሻኮሸ። «ታዲያ ልጄ፣ የምንረግጠው ምንድን ነው?»

ቁልቁል አየሁ። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚት ቅጠል ውስጥ ነው። የወይራ፣ የአጋም፣ የሌላም፤ ከላይ ደርቆ፣ ከሥር ረጥቦ፣ ከዚያ በታች ጠቁሮ አፈር የሆነ። በወይራዎቹ መካከል ብሳናዎች ቅጠላቸው ነድዶ እንደ ብርቱካን ቀልቶ ይታያሉ፤ አንዳንዱ ጨርሶ ተራግፏል። የደኑ ስም የማይረግፍ ቢሆንም የሚረግፈውንም አቅፎ ነው የኖረው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ የለም። ልዩነቱ አረጋገፉ ላይ ነው። ብሳና የዓመቱን በጥቂት ሳምንታት ይጥላል፤ ወይራና ማንጎ ግን አዲስ እያወጡ አሮጌውን በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ይለቃሉ፤ ሙሉ ልብስ ስለሚመስሉ ብቻ አናይባቸውም። ወደ ቤት ስመለስ ለባለቤቴ ነገርኳት። አላመነችኝም። ጎረቤት ማንጎ ስላለ ግን ለአንድ ወር በየጠዋቱ የጎረቤቶቻችንን መጥረጊያ ድምፅ እንድትቆጥር ተስማማን። ወሩ ሳይሞላ «ይብቃ» አለች፤ «አንዱ ዕዳውን ባንድ ጊዜ ይከፍላል፣ አንዱ በየቀኑ ነው። ዕዳው ያው ነው።» የማንጎ ቅጠል ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይበሰብስም፤ የዋንዛው ቀድሞ አፈር ይሆናል። እማዬ ስለ ጎመኑ ቀለብ ያለችው እዚህ ላይ ነጥብ አስቆጠረላት።

ከቅጠሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ሥሩ ነው። ወረታና ዙሪያዋ ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ውሃ መሳቡን የማያቆም ዛፍ ግድግዳ ጥግ ከቆመ አፈሩን ይበልጥ ያደርቀዋል፣ መሠረቱም ይሰነጠቃል። በምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያዳነው ባሕር ዛፍም «ቅጠሉ የማይረግፍ» ከሚባሉት ነው። አጣናውን እንሸጣለን፣ እንሠራበታለን፤ ግቢ ውስጥ ግን ጉድጓድ ውሃችንን የሚሻማ፣ ሥሩ ጎመን የማያበቅል ጎረቤት ነው። ወይራን ብንመኝም ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይመቸውም፤ የ1998ቱን የነሐሴ ጎርፍ ያየ የፎገራ ሰው ደግሞ ውሃ የት እንደሚተኛ አይጠፋውም። ወይራ የተራራ ዛፍ ነው። ጋን ማጠኛችንንና የወተት ዕቃ ማጠኛችንን እሱ ይስጠን፤ ሜዳ አውርደን አናስጨንቀው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ማንጎ ላይ ደረስን፤ ተዳቅሎ የተዘጋጀ ችግኝ ገዛን። በስተምዕራብ ከግድግዳው የቻልነውን ያህል አርቀን፣ አፈሩን ከፍ አድርገን ሰኔ ላይ ተከልነው። የከሰዓቱን ፀሐይ ይመክታል፤ ፍሬውም የሚደርሰው በሙቀቱ ወራት ነው። ለዓምዴ አንባቢ የምመክረውም ይኸው ነው። ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ «ቅጠሉ ይረግፋል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይረግፋል። ጠይቁ፦ በመጋቢት ምን ይዞ ይቆማል? ሥሩስ ቤቴን ምን ያደርገዋል? ቦታ የተረፈው ሰው ባንድ ጊዜ የማይረግፈውን በምዕራብ፣ ባንድ ጊዜ የሚረግፈውን ከጓሮው ራስጌ ያድርግ። አንዱ ሰውን፣ ሌላው አፈሩን ይጠብቃል። በ1986 ዓ.ም. ወጥቶ ኋላ በሌላ የተተካው የደን አዋጅ ቁጥር 94ም ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ሲከለክል ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በአንድ መስመር ነበር የጻፈው፤ የሚረግፍ የማይረግፍ አላለም።

እማዬ በምርጫው አልተከፋችም። ለምን እንዳልተከፋች የገባኝ መስከረም ላይ ነው። ከአጥራችን ውጭ፣ ከቦዩ ዳር፣ ወፍ የጣለው ፍሬ በቅሎ ስንዝር የሚያህል ዋንዛ ቆሟል። ዙሪያው በእሾህ ታጥሯል፤ እሾሁም አንድ ቀን ሁለት ቀን የቆየ አይደለም፣ ፀሐይ አንጥቶታል። ባለቤቴ ቅጠሏን ጠርጋ የምትደፋውም፣ አሁን ሳስተውል፣ ሥሩ ላይ ነው።