በዓለ ትንሣኤ፣ ኢንተርኔትና በሩቅ ያሉ ወገኖቻችን

በትንሣኤ ሌሊት በአዲስ አበባ አድባራት ካህናቱ የትንሣኤውን ብሥራት በሚያሰሙበት ጊዜ በሪያድ ከተማም ሰዓቱ ያው ነው፤ ኢትዮጵያና ሳዑዲ ዓረቢያ የሰዓት ልዩነት የላቸውምና። በዚያች ሰዓት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን፣ አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ማዳመጫውን በጆሮዋ ሰክታ፣ እናቷ በአጥቢያቸው ቆመው የሚያስቀድሱትን ቅዳሴ በስልኳ ትከታተላለች። በሳዑዲ ዓረቢያ ቤተ ክርስቲያን የለም። ሄዳ የምትሳለመው ደጅ፣ የምታገኘው ካህን፣ አብራው የምትቆመው ምእመን የላትም። እንግዲህ ስለ ኢንተርኔትና ስለ አምልኮ ስንነጋገር ነገሩን ከእርሷ ልንጀምር ይገባል እንጂ፣ ደወሉ ከመኝታችን ከሚቀሰቅሰን ከእኛ ልንጀምር አይገባም።

እንደሚታወቀው ኢንተርኔት ወደ ሀገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን በውጭ ሀገር የሚኖር ወገን የበዓል ሰላምታውን የሚያደርሰው በፖስታ ካርድ ነበር፤ አንዳንዱም ድምፁን በካሴት ቀድቶ በመንገደኛ እጅ ይልክ ነበር። የፊደላችን ገበታ በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በማናቸውም ሀገር በተገዛ ስልክ ላይ ውዳሴ ማርያምን በግእዝ ፊደል ለማንበብ የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ቀላል በረከት አይደለም።

ከሩቅ ሆኖ በመንፈስ መገናኘት ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር ነው የሚል ቢኖር የሐዋርያትን መልእክታት ይመልከት። ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ የሚወዳቸውን ማኅበረ ምእመናን ያጽናናው በጽሑፍ ነበር፤ በሥጋ ቢለይም በመንፈስ ከእነርሱ ጋር መሆኑን አስታውቋቸዋል። ይሁን እንጂ ቅዱስ ዮሐንስ በሁለተኛው መልእክቱ ፍጻሜ ላይ፣ ብዙ የሚጽፈው ነገር እያለው በወረቀትና በቀለም ከመጨረስ ይልቅ መጥቶ ፊት ለፊት ሊነግራቸው እንደሚመርጥ ገልጿል። ለእኔ የኢንተርኔት ጥቅሙም ወሰኑም በእነዚህ በሁለቱ ሐዋርያት መካከል ይገኛል።

ጥቅሙን ለማየት የጽዋ ማኅበርን መመልከት ይበቃል። በወር አንድ ቀን፣ በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም ወይም በ27 መድኃኔ ዓለም፣ አባላቱ በባለ ተራው ቤት ይሰበሰባሉ። ካህኑ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የቀረውም ለምን እንደ ቀረ ይመረመራል። ይህ የመጨረሻው እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በባዕድ ሀገር ሰው የሚጠፋው መቅረቱን የሚያስተውልለት ሲያጣ ነው። በቤይሩት፣ በኩዌትና በዱባይ ተበታትነው የሚሠሩ እኅቶች በቴሌግራም ተጠራርተው ድርሳነ ሚካኤልን እየተቀባበሉ ሲያነቡ፣ ማኅበር ጠጡ ለማለት ያስቸግር ይሆናል፤ ጠላው የለምና። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ድምፅዋ ያልተሰማውን አባል “ምን ሆና ይሆን?” ብሎ የሚጨነቅላት ሰው አለ። አንዳንድ አሠሪ የሠራተኛውን ስልክ እንደሚነጥቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ወሰኑን ደግሞ 2012 ዓ.ም. አሳይቶናል። በዚያ ዓመት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ብዙ ምእመናን ሰሙነ ሕማማትን በየቤታቸው አሳለፉ። ጸሎቱ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት ሲተላለፍ በሳሎን ወለል ላይ የሰገደ ብዙ ነው፤ ስግደቱም ስግደት ነበር። ዳሩ ግን በዕለተ ስቅለት ካህኑ በወይራ ቅጠል የሚያደርጉት ጥብጠባ፣ በቀዳም ሥዑር በራስ ላይ የሚታሰረው ቄጤማ፣ ከሁሉም በላይ ቅዱስ ቁርባኑ በመስመር የሚላክ አይደለም። ትንሣኤ ሚያዝያ 11 ቀን ሲውል የተሰማው ጉድለት ከዚህ የመጣ ነበር። በሽታው ጋብ ካለ በኋላም፣ ጤናው የተሟላ ሆኖ ሳለ ቅዳሴን ቡናውን እየጠጣ መከታተልን የለመደ አልታጣም። ለሪያዷ እኅት መጠለያ የሆነው ነገር ለዚህ ሰው መሸሸጊያ ሆኖታል፤ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አይገባም።

በዚህ ላይ የሰዓት ነገር አለ። በትንሣኤ ወራት ለአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሲሆን ለዋሽንግተን ገና የቅዳሜ ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት ነው። የአዲስ አበባውን ብሥራት በስልኩ የሰማ የዋሽንግተን ነዋሪ 55 ቀን የጾመውን ጾም በፀሐይ ይፍታን? በዚያች ከተማና በአካባቢዋ የራሳችን አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ካህናቱም በሰዓታቸው ያበሥራሉ። በእኔ አስተያየት ሰው የሀገሩን ድምፅ በስልኩ ቢሰማም ጾሙን መፍታት ያለበት ከአጥቢያው ጋር ነው። ብዙ ጊዜ የሀገር ናፍቆት ከአጠገብ ካለው ወንድም ያራርቃልና።

መስመሩም ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ የወላጆቹን ደኅንነት ሳይሰማ በዓላትን ያሳለፈ ብዙ ወገን ነበረ። ለእነርሱ የቀራቸው ጸሎት ብቻ ነበር፤ ጸሎት መስመር አይሻም።

ቅዳሴን በኢንተርኔት የሚያስተላልፉ አድባራት ግን አንድ ነገር ቢያስቡበት መልካም ነው። ከሩቅ ሆኖ የሚከታተለው ምእመን በብዛት የሚፈልገው ምስል ሳይሆን የጠራ ድምፅ ነው። ማይክሮፎኑ ለካህናቱና ለዲያቆናቱ ቀርቦ ሰዓቱም አስቀድሞ ቢነገር፣ አንድ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ለሥራው ይበቃል። ሃያ ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ በምእመናን መካከል ሲጋፋ፣ የሚቀርጸውም አያስቀድስ፣ ከኋላው የቆሙት እናትም መስቀሉን አያዩ።

በየቤታችንም ቢሆን የትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ፣ ዶሮው ከመቅረቡ በፊት፣ በሩቅ ያለው ልጅ ወይም እኅት ቢጠራ ደግ ነው። የሌሊቱ ሰዓት ለሪያድም ለቤይሩትም ይመቻል፤ አሠሪ የተኛበት ነውና። አያት ይመርቁ፣ ሕፃናቱ መዝሙራቸውን ያሰሙ፣ እርሷም ማልቀስ ከፈለገች ታልቅስ። ብቻ የበዓሉ ጥሪ በገንዘብ ጥያቄ አይጀመር። ስለ በግና ስለ ቅቤ ዋጋ ለመነጋገር ማክሰኞም ይደርሳል።