እብጠቱ ጧት ስለጎደለ አትዘናጉ

ቀኑን ከእርፍ ጀርባ ውለው ማታ ምድጃ ዳር ሲቀመጡ ውስጥ እግራቸውን የሚያቃጥላቸው፣ የጣቶቻቸው ሥር የሚያሳክካቸው፣ የእግራቸው ጀርባ የሚወጠርባቸው ሰዎች በደጋው ጎጃም አሉ። «ድካም ነው፣ ጧት ይተወኛል» ይላሉ። እውነትም ጧት ይተዋቸዋል። አደጋው እዚያ ላይ ነው፤ የተዋቸው ስለሚመስላቸው ለማንም ሳይናገሩ ዓመታት ያልፋሉ።

ያ ማቃጠል የዝሆኔ በሽታ ጅማሬ ሊሆን ይችላል። እብጠቱ ማታ መጥቶ ጧት የሚጎድልበት ጊዜ በሽታው ገና ሊገታ የሚችልበት ጊዜ ነው። ቆዳው ከደደረ፣ ጣቶቹ ከተገተሩ፣ እብጠቱም ሌሊቱን አድሮ የማይጎድል ከሆነ በኋላ ግን እግርን ወደ ቀድሞው መልኩ መመለስ እጅግ ከባድ ነው። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ተካሂዶ ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 1,704 ሕሙማንን አግኝቷል። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከመቶ ሰዎች ከሦስት በላይ መሆናቸው ነው። ከሁሉም በላይ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ ሕሙማኑ እግራቸው ማበጥ ከጀመረ በኋላ ሕክምና የፈለጉት በአማካይ ከ5 ዓመት በኋላ ነበር። እነዚያ አምስት ዓመታት ናቸው እግሩን የወሰዱት።

ምክንያቱ የእግዜር ቁጣ አይደለም፤ እባብ መርገጥም፣ መተትም፣ የጧት ጤዛም አይደለም። ቆላ ላይ በትንኝ የሚተላለፍ የዝሆኔ ዓይነት አለ፤ የደጋው ግን ከትንኝም ሆነ ከትል ጋር ግንኙነት የለውም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መነሻው አፈሩ ነው። የጎጃሙ የጮቄ ተራራ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ ከዚያ ዘመን ድንጋይ ተሰባብሮ የተገኘው ቀይ ሸክላ አፈር በዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች ይዟል። ባዶ እግር ለዓመታት ሲረግጠው ቅንጣቶቹ በቆዳው ዘልቀው ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ ወደሚመላለስባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ይገባሉ። ሰውነት ሊያስወግዳቸው ሲታገል ቧንቧዎቹ ይቆስላሉ፣ ይደድራሉ፣ ይዘጋሉ። መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግር ላይ ይጠራቀማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ አፈሩንና በሽታውን አያይዞ አሳይቷል። በሕክምናው ዓለም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል።

«ዘር ነው» የሚለው ወሬ ደግሞ ስንት ጋብቻ አፍርሷል! ተመራማሪው ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የዘረመል ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮ ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አረጋግጧል። ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ይወረስ እንጂ በሽታው አይወረስም፤ እግሩ አፈሩን ካልነካ አይታመምም። ስለዚህ እናቷ የታመመችባት ልጅ ካለች ከልጅቱ መሸሽ ሳይሆን ከማንም ቀድሞ ጫማ መግዛት ነው የሚገባን።

የምንገዛው ጫማ ግን የትኛው ነው? በረባሶ ከእሾህ ያድናል፤ ክፍት ስለሆነ ከአፈር አያድንም። ቀዳዳ ያለው የላስቲክ ጫማ ያለ ካልሲ ሲደረግም ጭቃው በጎን ይገባል፣ እግሩም ቀኑን ሙሉ ከአፈሩ ጋር ተለውሶ ይውላል። ከተማ ያለን ሰዎች እግርና ወገብ ሲያመን ለስላሳ የውስጥ ሶል እንጨምራለን፤ ብዙ ለሚቆምና ለሚራመድ ሰው ሶሉ ሊያሳርፍ ይችላል። የሚያቃጥልና ማታ የሚያብጥ እግር ላይ ግን ሶል መደራረብ ሕመሙን ያለዝብ ይሆናል እንጂ አፈሩን አያስቀርም። በደብረ ኤልያስና በደምበጫው ጥናት ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ጫማ ማድረግ የጀመሩት 22 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነበር። ዳዴ ከሚባልበት ቀን ጀምሮ እስከ ጋብቻ ድረስ ባዶ እግር ማለት ነው።

ሴቶቻችን ላይ ይብሳል። በዚያው ጥናት፣ በቃለ መጠይቁ ዕለት ባዶ እግራቸውን ከተገኙት ሕሙማን ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ወንዝ የሚወርዱት፣ አረም የሚያርሙት፣ ሐምሌ ላይ ጭቃ ማሳ የሚረግጡት እነሱ ሆነው ሳለ ጫማው መጀመሪያ ለወንዱ ይገዛል። ይህ መለወጥ አለበት፤ ዛሬውኑ፣ በየቤታችን።

ለታመመውም ተስፋ አለ። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ የተጠኑት ሕሙማን በዓመት 90 ቀን ያህል በሚነሣው ትኩሳትና በእግር ቁስለት ይሠቃዩ ነበር፤ ለገበሬ ሦስት ወር ማለት አንድ የእርሻ ወቅት ነው። በአነደድ ወረዳ 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ እግርን የመታጠብ፣ የማለስለስ፣ በፋሻ የመጠቅለልና ጫማ የማድረግ ልማድ የጀመሩት ሰዎች ይኸው ሕመም በዓመት 19.4 ጊዜ ሲነሣባቸው፣ ገና ያልጀመሩት 23.9 ጊዜ እንደተነሣባቸው አሳይቷል። የሚያስፈልገው ውሃ፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅና ቫዝሊን ነው። በየቀኑ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መሐል ያለውን እርጥበት በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ። በረኪና የሚጨመርበት መዘፍዘፊያም አለ፤ መጠኑን ግን በግምት አታድርጉት፣ ቆዳ ያቃጥላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ታሳያችሁ። በክልላችን ባለው የሰላም እጦት መንገድ ተዘግቶ ጤና ጣቢያ መድረስ ባይቻል እንኳ የቤቱ እጥበት መቋረጥ የለበትም።

ሰሜን አፍሪካ ውስጥ በአልጄሪያ፣ በሞሮኮና በቱኒዚያ ይህ በሽታ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጫማ ማድረግ ሲጀምር ጠፋ። ክትባትም አዲስ መድኃኒትም አላስፈለገም። እኛስ ስለ ምን እንጠብቃለን?

አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ያላችሁ የጎጃም ልጆች፣ ለቤተሰብ ጫማ ስትልኩ እግራቸው ማታ፣ አብጦ ሳለ ይለካ፤ ጧት የተለካ ማታ ይጠብባል። ሰፋ ያለ፣ ሽፍን፣ ቢያንስ ሁለት ካልሲ የተጨመረበት ይሁን። አንድ ብቻ አትላኩ። አንዱ ለቅዳሴና ለገበያ፣ ሌላው ለእርሻ የተመደበ መሆኑን ራሳችሁ ነግራችሁ ላኩ፤ አለዚያ አዲሱ ጫማ ለክብር ቀን ተሰቅሎ ይቀመጥና ማሳው እንደ ወትሮው በባዶ እግር ይረገጣል።