ፈቃዱ ግድግዳ ላይ፣ ባለሙያው የት?

መርካቶ ውስጥ መድኃኒት ለመግዛት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጭድ ተራ ተነስቶ ወደየትም ያቀና ሰው መንገዱ ላይ መድኃኒት ቤት አያጣም። ቀኑን ሙሉ ጭነት ሲያወርድና ሲጭን የዋለ ጎልማሳ ወገቡን በእጁ ደግፎ ይገባና «ዳይክሎ ስጠኝ» ይላል። ይሰጠዋል፤ ከፍሎ ይወጣል። ጨጓራ ያምህ እንደሆነ፣ ደም ግፊት እንዳለብህ፣ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ግፊትንም ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ግን ሳይጠይቅ አይሰጥም ነበር።

እንዲህ ያለ ቤት ግድግዳው ላይ የፋርማሲስት የሥራ ፈቃድ ሰቅሎ ይገኛል። ፎቶ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ግን ባንኮኒው ጀርባ የለም። ሁሉም መድኃኒት ቤት እንዲህ ነው አልልም፤ ጠዋት ከፍቶ ማታ እስኪዘጋ ከደንበኛው ጋር የሚቆም ፋርማሲስት ያለበትን ቤት አውቃለሁ፣ ሰፈሩም ያውቀዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላኛው ነው።

ይህ የሚያንገበግበኝ ያ ወረቀት በምን ያህል ድካም እንደሚገኝ ስለማውቅ ነው። የአንዲት ወዳጄ ልጅ የፋርማሲ ተመራቂ ናት፤ ለፈቃድ ፈተናው ስትዘጋጅ አይቻታለሁ። ዛሬ ፋርማሲ የሚማር ወጣት አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይቆያል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ያን ካለፈ በኋላ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የሚሰጠው የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ይህ ምዘና ለጤና ባለሙያዎች በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሳያልፉ የሙያ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ሳይኖር ደግሞ መድኃኒት ማደል በሕግ የተከለከለ ነው።

ልጅቷ የምታጠናውን ሳይ ደነገጥኩ። የሕፃን ልጅ መጠን በክብደቱ እንዴት እንደሚሰላ፣ የትኛው የደም ግፊት መድኃኒት ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከምን ከምን መጠንቀቅ እንዳለበት፣ ክትባት ያለ ቅዝቃዜ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ስለ ናርኮቲክ መድኃኒቶች አያያዝ ሕጉ ምን እንደሚል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ እንኳ ትርፍ እውቀት አይደለም። ሁሉም በሆነ ቀን በሆነ ሰው ሕይወት ላይ የሚወስኑ ናቸው። ያቺ ልጅ ፈተናውን አልፋ ፈቃዷ ለማታውቀው ቤት ከተከራየ፣ ያ ሁሉ እውቀት ቤቷ ቁጭ ብሎ ወረቀቱ ብቻ ጭድ ተራ ሥራ ገባ ማለት ነው።

ላይሰንስ ማከራየት የሚባለው ነገር በሙያው ውስጥ ያሉ ሁሉ የሚያውቁት ነው። መንግሥት ሆስፒታል ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ፋርማሲስት ፈቃዱን ለአንድ ባለሀብት ይሰጣል፤ በየወሩ የተስማሙበትን ይቀበላል። ባለሀብቱ ባንኮኒው ላይ ዘመዱን ወይም ርካሽ ሠራተኛ ያቆማል። ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ስልክ ይደወላል። ባለሙያውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔም እወቅሰዋለሁ፣ የሰው ሕይወት የተጻፈበትን ወረቀት ነው ያከራየው። ነገር ግን አምስት ዓመት ተምሮ፣ ሁለት ፈተና አልፎ፣ ሥራ ፈላጊ ሆኖ የተቀመጠ ወጣት ወይም ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይሸፍንለት የሆስፒታል ባለሙያ ምን እንደሚፈትነው ማወቅ ያስፈልጋል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው አገሩን ሁሉ ያነጋገሩት በከንቱ አልነበረም። ፈተና ማጥበቅና ፈተናውን ያለፈውን ሰው በሙያው እንዲኖር ማድረግ አንድ ላይ ካልሄዱ፣ ጥብቅ ፈተና የሚከራየውን ወረቀት ውድ ከማድረግ በቀር ፋይዳ አይኖረውም።

ሕግ አላነሰንም። አዲስ አበባ የመጀመሪያ መድኃኒት ቤቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1910 ዶክተር ሜራብ የተባለው የጆርጂያ ተወላጅ ሐኪም ሲከፍት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሕጉም በየጊዜው ወጥቷል። የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በ1991 ዓ.ም. የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2002 አዋጅ 661፣ በ2011 አዋጅ 1112 ተከተሉ። የባለሥልጣኑ ስም ተቀያየረ፣ ሥልጣኑም ከአንዱ ወደ ሌላው ተሸጋገረ። መድኃኒት የሚሰጠው ብቁ ሰው ይሁን የሚለው ሐሳብ ግን አልተቀየረም። የጎደለን ሐሳቡን ባንኮኒው ድረስ ማድረስ ነው።

እዚህ ላይ ለሐቀኛው ፋርማሲስት መናገር አለብኝ። መርካቶ ውስጥ አሞክሲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አልሰጥም የምትል ባለሙያ ደንበኛዋን ታጣለች። ደንበኛው ተቆጥቶ ይወጣል፤ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ከጎረቤት ቤት ያገኘዋል። ቤቱ የእሷ ካልሆነ ደግሞ ባለቤቱ «ገበያ አባረርሽብኝ» ይላታል። ሕጉን ያከበረችው እሷ ትከስራለች፣ ያላከበረው ይጠቀማል። በጎንደርም በአዲስ አበባም ተመራማሪዎች ደንበኛ መስለው መድኃኒት ቤቶች ገብተው አጥንተዋል፤ በሐኪም ማዘዣ ብቻ መሸጥ የሚገባቸውን መድኃኒቶች ያለ ማዘዣ የሚሰጡ ቤቶች ብዙ ሆነው ነው ያገኟቸው። ሦስት ፍሬ አንቲባዮቲክ ወስዶ ሲሻለው የሚያቆም ሰው ሰውነቱ ውስጥ የተረፉት ተህዋሲያን መድኃኒቱን ሊለምዱት ይችላሉ። ቀጥሎ እነዚያ ተህዋሲያን የሚይዙት እሱን ብቻ አይደለም፤ አብሮት የሚተኛውን ልጁን፣ አብሮት ሸክም የሚጋራውን ባልንጀራውን ጭምር ነው። ስለዚህ የአንዷ ባለሙያ ሐቀኝነት ብቻውን አያድነንም፤ ቁጥጥሩ በጎረቤቷም ላይ እኩል መድረስ አለበት።

ወደ ውጭ የሄዱ ልጆቻችን የሚገጥማቸውን ማየት ይጠቅማል። አሜሪካ የገባ የእኛ ፋርማሲስት ዲግሪውን አሳይቶ ሥራ አይጀምርም። መጀመሪያ የውጭ አገር ተመራቂዎች የአቻነት ፈተና አለ፤ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ፈቃድ ባለው ፋርማሲስት ሥር የሚሠራ የልምምድ ሰዓት፣ አገር አቀፍ የፋርማሲ ፈተና፣ በላዩ ላይ ደግሞ በአብዛኞቹ ግዛቶች የዚያን ግዛት የፋርማሲ ሕግ የሚመለከት ሌላ ፈተና ይከተላል። ቨርጂኒያ ያለፈ ሰው ሜሪላንድ ሄዶ መሥራት ሲፈልግ እንደገና ማመልከት አለበት። ዓመታት የሚወስድ ጉዞ ነው፤ ብዙዎች ያን ሁሉ ጊዜ በረዳትነት እየሠሩ ያጠናሉ። ካናዳ ደግሞ የወረቀት ጥያቄው ብቻ አይበቃም ብላ ሁለተኛ ክፍል ጨምራበታለች። ተፈታኙ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ በሽተኛ ሆኖ የሚጫወት ሰው ይጠብቀዋል። መጠየቅ፣ ማዳመጥ፣ ማስረዳት፣ አንዳንዴም «ይህን መድኃኒት አልሰጥህም፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ» ማለት ይኖርበታል። የሚመዘነው በዚህ ነው።

እኛ የምንፈልገው ይህን ነው። የእኛ ምዘና የምርጫ ጥያቄ ነው፤ እውቀትን ይለካል፣ ይህም ተገቢ ነው። ግን የጭድ ተራ ደንበኛ አራት አማራጭ ይዞ አይመጣም። ሽሮፕ የሚያስፈልገው ሕፃን ያዘለች እናት፣ ማንበብ የማይችል አዛውንት፣ የሚቸኩል ሾፌር ነው የሚመጣው። ከእነዚህ ጋር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ በደንብ መነጋገር፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ከምግብ በፊት ነው በኋላ፣ ቢረሱ ምን እንደሚያደርጉ ማስረዳት ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ተፈታኙ ደንበኛ ፊት ቆሞ ቢመዘን ለአሠልጣኞችም ለተማሪውም የትምህርቱ አቅጣጫ ይለወጣል። ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ቢያንስ በየክልሉ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች መጀመር ይቻላል።

ሌላው ማሻሻያ ከዚህ ይቀላል። አንድ ፈቃድ ከአንድ ቤት በላይ እንዳይሰቀል፣ የባለሙያው የሥራ ሰዓትም በሌላ መሥሪያ ቤት ካለው ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ የሚያሳይ የምዝገባ ሥርዓት ይኑር። ሆስፒታሉና የከተማው ተቆጣጣሪ አንድ መዝገብ ቢያዩ ብዙ ነገር ይገለጣል። ፈቃድ ሲታደስ ባለሙያው የወሰደው ተከታታይ ሥልጠና እንደሚታየው ሁሉ፣ የት ቆሞ እንደሠራም ይታይ። ያከራየም የተከራየም እኩል ይጠየቅ፤ ዛሬ ባለሀብቱ ቤቱን በሌላ ስም ከፍቶ ሲቀጥል ባለሙያው ብቻ የሚዋረድበት ጊዜ አለ።

ደንበኛውም ድርሻ አለው። መድኃኒት ቤት ስንገባ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አይተን ፊት ለፊታችን ከቆመው ሰው ጋር እናመሳክር። ካልተመሳሰለ «ፋርማሲስቱ የት አሉ?» ብለን በአክብሮት እንጠይቅ። መልሱ «አሁን ወጣ ብለዋል» ከሆነ፣ በማግስቱም እንደዚያው ከሆነ፣ የአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቅርንጫፍ በየክፍለ ከተማው አለ፤ መርካቶ ባለበት በአዲስ ከተማም አለ። እዚያ ሄዶ መናገር የማንም ጠላት አያደርገንም።