ድሪቶን የናቀ ትምህርት

«ድሪቶ ለባሽ» ማለት ስድብ ከሆነ ብዙ ዘመን ነው። ከገጠር ወጥቶ የተማረው ወጣትም ከእናቱ ቤት ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ የሚያፍረው በድሪቶው ነው። ድኽነትን መጥላት ተገቢ ነው፤ የእጅን ሥራ አብሮ መናቅ ግን ስሕተት ነው እንላለን።

በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ከልብስ ሰፊው መኪና ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ አይጠፋም። ከዚያ ጥቁርና ነጭ ብጣሽ እንውሰድ። ከጥቁሩ መካከል ቅጠል መሳይ ቅርጽ ቆርጠን በነጭ ላይ እንስፋው፤ ቀዳዳ የቀረበትንም ጥቁር ከጎኑ በሌላ ነጭ ላይ እንስፋው። በአንደኛው ጥቁሩ፣ በሁለተኛው ነጩ ቅጠል ሆኖ ይታያል። ይህም ከባሕር ማዶ የመጣ ብልሃት አይደለም፤ የካህናቱ መስቀል ጌጡ የሚታየው በተፈለፈለው ቀዳዳ ነው።

«ምን እንደ ሆነ የማይታወቅ ሥዕል ምን ይረባል?» የሚሉ አሉ። የመሶቡ ስፌት፣ የቀሚሱ ጥለት የምን ሥዕል ነው? የማንንም መልክ አያሳይም፤ ውበቱን ግን የካደ የለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜም በሸራ ላይ ክር እየሰፋ፣ የልብስ ቁልፍና የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየደረደረ የሠራው ሥራ በውጭ አገር ሙዚየሞች ታይቷል።

ስለዚህ በምዕራብ ጎጃም የምታስተምሩና በየመሥሪያ ቤቱ የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ፤ መርፌና ቁርጥራጭ ጨርቅ ወደ ትምህርት ቤት ይግባ። ድሪቶ መጣፍ የሚያውቁ እናቶችም ተጠርተው ያስተምሩ፤ ለድካማቸውም ይከፈላቸው። እነርሱ ሲያልፉ ሙያው አብሮ እንዳይቀበር መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው።