አመለኛውን ፈረስ ማን አመለኛ አደረገው?

በአገራችን ፈረስ ትልቅ ክብር ነበረው። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» ይባሉ ነበር። አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» ይባሉ ነበር። እነዚህ ሁሉ የፈረስ ስሞች ናቸው። በአዊም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው በፈረስ ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ እያለን ታዲያ በየገበያው «አመለኛ ነው» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ጎረምሳ ፈረስ ለምን በዛ? አንዱ ይራገጣል። አንዱ ይናከሳል። አንዱ ኮርቻ ሲያይ ገመዱን በጥሶ ይሄዳል። ዕድላቸውን ታውቁታላችሁ። ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። መጨረሻቸው ጋሪ ነው። ጋሪው ላይ ሲደክሙ ደግሞ መንገድ ዳር ይጣላሉ።

እኔ የምለው ይህን ነው። ከእናቱ ማኅፀን አመል ይዞ የሚወጣ ፈረስ ጥቂት ነው። አብዛኛው አመል የመጣው ከሰው ነው። የመጣውም ከችኮላ፣ ከሕመምና ከዱላ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ አፉን እንይ። ፈረስ እንደ ልጅ የወተት ጥርስ አለው። 2 ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው የፊተኞቹ መካከለኛ ጥርሶች ይወልቃሉ። 3 ዓመት ተኩል ላይ ቀጥለው ያሉት፣ 4 ዓመት ተኩል ላይ ደግሞ የዳር የዳሮቹ ይለወጣሉ። 5 ዓመት ሲሆነው አፉ ይሞላል። የጀርባው አጥንትም እስከዚያ ድረስ ገና አልጠነከረም። ስንቶቻችሁ ናችሁ ታዲያ የሁለት ዓመት ተኩል ውርንጭላ አፍ ውስጥ ብረት የምትጨምሩ? የአገራችን ልጓም ደግሞ ቀላል አይደለም። በብዙ ቦታ የታችኛውን መንጋጋ የሚዞር የብረት ቀለበት አለው። ዛቡ ሲሳብ አጥንት ይጨብጣል። ድዱ ያበጠ እንስሳ እንዲህ ሲያዝ ራሱን ወደ ላይ ቢወረውር ምን ይደንቃል? ባለቤቱ ግን «ልጓም እምቢ ይላል» ብሎ አለንጋ ያነሣል።

ስለዚህ መግራት በአፍሳር ይጀመር። አፍሳር አፍ አይቆርጥም። ፈረሱ ሲመራ መከተልን፣ ሲባል መቆምን፣ ወደ ኋላ መመለስን በአፍሳር ይማር። ልጓሙ ይደርሳል። እናንተስ «ሀ ሁ»ን ሳትቆጥሩ ጋዜጣ አንብቡ ተብላችሁ ብትገረፉ ኖሮ ዛሬ ይህን ታነቡ ነበር?

ቀጥሎ ጀርባውን እንይ። ኮርቻ ሲጫንበት ጀርባውን የሚያጎብጥ፣ ጠፍር ሲጠበቅ ዞሮ ሊነክስ የሚሞክር ፈረስ አለ። ከመምታታችሁ በፊት እጃችሁን በጀርባው ላይ አሳልፉ። ሲነካ የሚሸሸው ቦታ ካለ፣ ጠጉሩ ከተላጠ፣ ቆዳው ካበጠ ገጣባ መጀመሩ ነው። ይህ ፈረስ አመለኛ አይደለም፤ ታሟል። ገጣባው እስኪድን ኮርቻ አይጫንበት። ሲድንም መደላደሉ ይስተካከል። በአንዳንድ አካባቢ የሚያነክሰውንም የሚራገጠውንም በጋለ ብረት መተኮስ ልማድ ነው። ትኩሳት አመል አያወጣም። ቁስል ይጨምራል እንጂ።

አፉም ጀርባውም እግሩም ደህና ሆኖ አሁንም ቢያስቸግርስ? ያን ጊዜ ነገሩ ፍርሃት ነው ወይም ክፉ ትምህርት ነው።

ፈረስ ሣር በል ነው። ጅብ ሲመጣ የሚያውቀው መላ መሮጥ ነው። መሮጫ ሲያጣ ይራገጣል። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል፤ ግን ልክ ከኋላው ያለውን አያይም። ከግንባሩ በታች አፍንጫው ሥር ያለውም ይሰወርበታል። ልጅ ከኋላው ድምፅ ሳያሰማ ሲመጣ የሚረገጠው በዚህ ነው። ወደ ትከሻው በኩል፣ እየተናገራችሁ ቅረቡት። ልጆቻችሁንም ዛሬውኑ ይህን አስተምሩ። ብዙ የልጅ አጥንት የሚሰበረው በዚህ አለማወቅ ነው።

ለደንባራ ፈረስ ዱላ አይሆንም። ጆንያ አይቶ ደነበረ እንበል። ገረፋችሁት። እርሱ የሚማረው ምንድን ነው? «ጆንያ ባየሁ ቁጥር ያመኛል።» ነገ ይብስበታል። ይልቅ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ይየው። ረጋ ሲል ሁለት እርምጃ አስጠጉት። ያሽትተው። ከተገራ ከትልቅ ፈረስ ኋላ ማስኬድም ጥሩ ነው፤ ትልቁ ሳይፈራ ሲያልፍ ትንሹ ይደፍራል። አንዳንዴ ይህ ሦስት ቀን ይፈጃል። ይፍጅ!

የመግራት ቁልፉ ግን መልቀቅ ነው። አፍሳሩን በቀስታ ሳብ ታደርጋላችሁ። ፈረሱ አንድ እርምጃ ወደ እናንተ ሲመጣ ያኔውኑ ታላላላችሁ። «እንዲህ ሳደርግ ይለቁኛል» ብሎ ይይዘዋል። ዘግይታችሁ ብትለቁ ምን እንዳደረገ አያውቅም። ጠዋት ላጠፋው ማታ መግረፍማ ከንቱ ነው፤ ያለ ምክንያት የምትመቱት ነው የሚመስለው። በኋላ እግሩ የሚቆመውን ፈረስ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ጋላቢው ብዙ ጊዜ በተረከዙ «ሂድ» እያለ በእጁ ዛቡን ጠብቆ «ቁም» ይለዋል። ወደፊት ተከለከለ፣ ከኋላ ተመታ፤ ታዲያ ወደ ሰማይ ካልሆነ ወዴት ይሂድ? እጅ ይላላ።

ከመሬት የጣላችሁን ፈረስ ደግሞ ወዲያው ወደ ግጦሽ አትልቀቁት። «ስጥል አርፋለሁ» ብሎ ይማራል። ሰው ካልተጎዳ አፍሳሩን ይዛችሁ ቀላል ነገር አሠሩት። ይምጣ፣ ይቁም፣ ይመለስ። እሺ ሲል አንገቱን አሹለትና ፍቱት። ለሚናከሰው በእጃችሁ ገብስ አታጉርሱ፤ በቅርጫት ይብላ። ልጆችም አፍንጫውን እየነካኩ አይጫወቱበት። ባዝራ ባየ ቁጥር የሚያብድ ድንጉላ ከሆነና ለዘር ካልተፈለገ፣ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስዶ ማስኮላሸት ነው። ይህ በዱላም በትዕግሥትም የሚፈታ ነገር አይደለም።

«ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ በእርሻና በአጨዳ ወቅት ገበሬ ፋታ የለውም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አላልኩም። ለጎረምሳ ፈረስ በቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ይሰለቻል፤ የሰለቸ ደግሞ ይጣላል። አውድማ ከተነሣ በኋላ ያሉት ወራት ለዚህ ምቹ ናቸው። መጀመሪያ አፍሳር፣ ከዚያ ባዶ ጆንያ ጀርባው ላይ፣ ከዚያ ሰው የሌለበት ኮርቻ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ጋላቢ በእርምጃ ብቻ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? የገና ጉግስ ደረሰ ብሎ የሦስት ዓመት ፈረስ ሽምጥ የሚያስጋልብ ጎረምሳ ለአንድ ቀን ጭብጨባ የፈረሱን እግር ይሸጣል። አባቶች ይህን ዝም ብለው ማየታቸው ያሳዝነኛል።

«አባቶቻችን በአለንጋ ነው የገሩት» የሚልም አይጠፋም። አለንጋ የያዘ ሁሉ ፈረስ ገሪ ከሆነ ባልደራስ ለምን አስፈለገ? ፈረስን መግራት ዕውቀት ስለሆነ ነው ለሙያው ስምና ማዕረግ የተሰጠው። በየመንደራችሁ ፈረስ የሚያዳምጣቸው አንድ ሁለት ሽማግሌ አይጠፉም። በማኅበራችሁ ስብሰባ ላይ እኚህን አባት ለምኑ። ጎረምሶቹም ከእርሳቸው ዘንድ ሄደው ይዩ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እርሱም የገበያው ነገር ነው። የሚራገጥ ፈረስ ገበያ አውጥቶ «እንደ በግ የዋህ ነው» ብሎ መሸጥ ብልጠት ተደርጎ ይወራል። ገዢው ግን ቤት ሲደርስ አፍሳሩን ለልጁ ነው የሚሰጠው። የዚያ ልጅ ጎድን ሲሰበር ሻጩ ገንዘቡን ቆጥሮ ጨርሷል። ይህ ብልጠት ሳይሆን ወንጀል ነው እላለሁ። አሁን መጻፍ ችላችኋል። በሽያጭ ውሉ ላይ ከዋጋውና ከምስክሮቹ ስም በታች አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ከኋላ ሲቀርቡት ይራገጣል፤ ጆንያ ያስደነብረዋል።» ገዢም ብትሆኑ ይህ መስመር ሳይጻፍ አትፈርሙ። ዋጋው ጥቂት ብር ይቀንስ ይሆናል። ይቀንስ።